የሰማይ አየር የሚያሸት ሙሽራ

ጋሽ አባተ ለሽምግልና ሄደው እሺታ ሳይዙ የተመለሱበት ቀን የለም ይባላል በቦንጋ። ይህን አብዝተው የሚናገሩት እሳቸው ራሳቸው ቢሆኑም ያስተባበለ ሰው አልነበረም። ጥርሱ የወለቀውን ድረዋል፤ ሁለቴ የፈታውን ድረዋል፤ አንዴማ የሚያገባትን ልጅ ስም የተሳሳተውን ሙሽራ ሳይቀር ድረዋል።

ምስጢራቸው ነገርን ማልበስ ነበር። ሙሽራው ዘበኛ ቢሆን «የመንግሥት ንብረት በእጁ ያለ» ይላሉ። ሥራ ፈት ቢሆን «ጊዜውን ለቤተሰቡ የሚሰጥ» ይላሉ። ጠጪውን ደግሞ «ሰው የሚወድ፣ ብቻውን መቀመጥ የማይሆንለት» ይሉታል። ባለቤታቸው እትዬ ተሾመች ቅንድባቸውን ሲያነሱባቸው መልሳቸው አንድ ነው። «ውሸት አይደለም። ሰው ራቁቱን ከቤት አይወጣም፤ ነገርስ ለምን ራቁቱን ይወጣል?»

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው፣ በዘመነ ኢሕአዴግ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በግምገማና በአንድ ለአምስት በሚታመስበት ጊዜ፣ ምንም ቢያለብሱት ልክ የማይሆንለት ሙሽራ የገጠማቸው።

ሙሽራው ኢያሱ ይባላል፤ ተከራያቸው ነው። ከደብረ ታቦር መጥቶ ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ክረምት ክረምት አዲስ አበባ እየሄደ ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ዝምተኛ ስለሆነ ግቢ ሲገባ ውሻው እንኳ ለመጮህ ይሰንፍበታል። ቦንጋ ውስጥ ዘመድ የለውም። እትዬ ተሾመች አንድ ቀን ክፉኛ ሲያማቸው፣ ባጃጅ ሲጠፋ፣ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳቸው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ አባተ «ልጄ» ይሉታል፤ ሲሉትም ከልባቸው ነው።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ መጥቶ በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ።»

«ማንን አየህ?»

«ወንጌላዊትን። የማንኪራ መንደሩን የጋሽ ደምመላሽን ልጅ።»

ጋሽ አባተ ልጅቷን ያውቋታል። እዚያው ቦንጋ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ መንገድ የሚሻገር ልጅ ናት። አባቷንም ያውቋቸዋል። ማር ቆራጭ፣ ባለ ቡና፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው።

«እና ምን አስጨነቀህ? መምህር ነህ፣ ጤነኛ ነህ፣ ጥርስህም ሙሉ ነው።»

«ሥራዬ ነው ያስጨነቀኝ። ሰማይ ሰማይ የሚያይ ነው፣ ኮከብ ቆጣሪ ነው ብለው ሰዎች ለአባቷ ነግረዋቸዋል። እሳቸውም ‹ልጁ ምን እንደሚሠራ በሚገባኝ ቋንቋ የሚያስረዳኝ ሰው እስኪመጣ ልጄን አልሰጥም› ብለው ቁርጡን ነገሯት። ጾሙ ሳይገባ ካልተጋባን ደግሞ እኔ ከፋሲካ በኋላ ለምርምሩ አዲስ አበባ እገባለሁ። መቼ እንደምመለስ አላውቀውም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትሠራው? አንድ ግቢ ስንኖር ጠይቄህ አላውቅም።»

ኢያሱ ወንበሩን አስጠጋ። «ኮከብ የምንላቸው ፀሐዮች ናቸው ጋሼ። እነሱን የሚዞሩ ሌሎች ዓለሞች አሉ።»

«እሺ፣ አሉ እንበል።»

«እንበል አይደለም፤ አሉ።»

«ልጄ፣ ሽምግልና ላይ ‹እንበል› ትልቅ ቃል ነው፤ አትናቀው። ቀጥል።»

«አንዷ ዓለም በፀሐይዋ ፊት ስታልፍ፣ ብርሃኑ በአየሯ ሾልኮ ወደኛ ይመጣል። አየሩ ታዲያ ከብርሃኑ የተወሰነ ቀለም ይዞ ያስቀራል። የጎደለውን ቀለም አይተን እዚያ ያለው አየር ምን ዓይነት እንደሆነ እናውቃለን።»

«እንደ ኬላ በለኛ። ከጭነቱ የጎደለውን አይቶ በየትኛው ኬላ እንዳለፈ ማወቅ።»

ኢያሱ ትንሽ አሰበና «ከመጽሐፉ ይሻላል» አለ።

ጋሽ አባተ ደስ አላቸው። «አየሩን ካወቅህ በኋላስ?»

«ሕይወት ካለ አየሩ ላይ ምልክት ይተዋል። ኦክስጅንና ሚቴን የሚባሉ ጋዞች አሉ። አብረው ብዙ አይቆዩም፤ አንዱ ሌላውን ይጨርሰዋል። ሁለቱም አንድ ላይ በብዛት ከተገኙ፣ እዚያ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚተካቸው ነገር አለ ማለት ነው። የሚተነፍስ፣ የሚበላ፣ የሚያድግ ነገር ይሆናል ብለን እንጠረጥራለን።»

ጋሽ አባተ ሁለቱን ጋዞች በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ።

«ገባኝ። እንግዳና ጠጅ አንድ ቤት አብረው አይሰነብቱም። ከሰነበቱ፣ ጓዳ ውስጥ ጠጅ የምትጥል ሴት አለች።»

«ጋሼ፣ ይኼን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።»

«ንገር። እና አገኘሃት?»

«ማንን?»

«ጠጅ ጣዪዋን።»

«አላገኘሁም።»

«ከእናንተ ውስጥ ያገኘ አለ?»

«እስካሁን የለም። ያገኘን ይመስለንና ስናጣራው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።»

ጋሽ አባተ ጢማቸውን አሻሹ። «ይቺን የመጨረሻዋን ለደምመላሽ አንነግራቸውም» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ። ጋሽ አባተ መሪ። ሁለተኛው ጋሽ ፍቅሩ፣ ባለ ሥጋ ቤት፣ የልጅነት ጓደኛቸው፤ ልባቸው የዋህ፣ አፋቸው መዝጊያ የሌለው። ሦስተኛው አቶ ዘርትሁን፣ በዞኑ ዕቅድ ክፍል የሚሠሩ፤ የተሰበሰበ ሰው ባዩ ቁጥር ሪፖርት የሚያቀርቡ የሚመስላቸው። ባጃጁ መንገዱ እስከሚያልቅበት ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው፤ አቶ ዘርትሁንም የቢሮ ጫማቸውን አድርገው ስለነበር ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ።

ጋሽ ደምመላሽ ደጅ ወጥተው ተቀበሏቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አባተ በደንቡ መሠረት። «ከቤትዎ ዘመድ እንሁን ብለን መጥተናል። ልጅዎን ወንጌላዊትን ለልጃችን ለኢያሱ እንዲሰጡን ነው።»

«አገሩ የት ነው?»

«ደብረ ታቦር።»

«አገሩ ሩቅ ነው። ሥራው ደግሞ ከአገሩም የራቀ ነው ይላሉ። እሱን ንገሩኝ።»

ጋሽ አባተ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጃችን ደጁን ሳይረግጥ፣ ከሩቅ ሆኖ፣ አንድ ቤት ሰው ይኑርበት አይኑርበት የሚያውቅ ነው።»

«ሌባም ያውቃል» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

ጋሽ ፍቅሩን ሳቅ አመለጣቸው። ጋሽ አባተ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸውና የኬላውን ምሳሌ አመጡ፤ ቀጥለው ስለ ሁለቱ ጋዞች የእንግዳውንና የጠጁን። ይሄኛው ሠራ። የጋሽ ደምመላሽ ግንባር ተፈታ። ከጓዳ የባለቤታቸው የእትዬ ብርቅዬ ድምፅ መጣ።

«ጓዳ ውስጥ ያለችውን ያስታወሰ ሽማግሌ ዛሬ ገና አየሁ።»

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ በዚያው ቀን ባለቀ ነበር። ግን አቶ ዘርትሁን ተራቸው የደረሰ መሰላቸው። «ጉዳዩ በመርህ ደረጃ የተመለሰ ነው። ሕይወትን ከመፈለግ አንጻር ልጁ ዕቅዱን መቶ በመቶ እየፈጸመ ይገኛል።»

«ስንት አገኘ?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«ምን?»

«ሕይወት።»

«እሱ... በሂደት ላይ ያለ ነው።»

ጋሽ ደምመላሽ ከአቶ ዘርትሁን ወደ ጋሽ አባተ ዞሩ። «እነዚህ ጋዞች ያላችኋቸው፣ እነሱ ራሳቸው ከምን ይወጣሉ?»

ጋሽ አባተ ቃል እየመረጡ ሳለ ጋሽ ፍቅሩ ቀደሟቸው። «አንደኛውን አላውቀውም። ሁለተኛውን ግን ኢያሱን ራሱን ጠይቄው ነግሮኛል። ከላም ነው የሚወጣው። ከላይም ከታችም።»

«ከታችም?»

«ከታችም።»

«እንግዲህ ልጄን የምሰጠው የላም ፈስ ለሚያሸት ሰው ነው።»

«ኧረ እንዲህ ቅርብ አይደለም» አሉ ጋሽ ፍቅሩ ሊያጽናኑ። «በጣም ሩቅ ካለች ላም ነው።»

«ላምም ላትሆን ትችላለች» አሉ አቶ ዘርትሁን።

«አብዛኛው እኮ ግሳት ነው» አሉ ጋሽ አባተ በደከመ ድምፅ። በሽምግልና ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ጓዳው ዞረው በካፊኖኖ ከባለቤታቸው ጋር ተነጋገሩ። ጋሽ አባተ ቋንቋውን ያውቁታል፤ ግን ያልሰማ መምሰል ደንብ ነውና ጣራውን ያዩ ጀመር። እትዬ ብርቅዬ የሚሉት «ልጅቷ ወዳዋለች፤ አታስረዝመው» ነበር። ጋሽ ደምመላሽ ደግሞ የሚሉት «መውደዱን አየሁት፤ ሰውየውን ግን አላየሁትም» ነበር።

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። «ከቤቴ በላይ ያለው ኮቦ የኔ ነው» አሉ። ኮቦ በዚያ አገር የየቤተሰቡ የጫካ ድርሻ ነው። «እዚያ ትልቅ ቀረሮ ዛፍ አለ። አምና ጫፉ አካባቢ ቀፎ ሰቅዬ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ ከዳኝ። ቅጠል ሸፍኖታል፣ ዓይኔም ደክሟል። ንብ ይግባበት አይግባበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጎረቤት እንዳላስወጣ ማሬን ያውቅብኛል። የሰማዩን ከዚህ ሆኖ የሚያውቅ ከሆነ የዛፉን ይንገረኝ። የፊታችን እሑድ ይምጣ። ዛፉ ላይ ሳይወጣ።»

ወንጌላዊት እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው። «ጋሽ አባተ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኢያሱን ምንም አይጨምሩበት፣ እባክዎ። እንዳለ ይሻላል።»

«ምን ጨመርኩ ልጄ? የጨመረው ፍቅሩ ነው።»

«እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት» አሉ ጋሽ ፍቅሩ።

«ፍቅሩ፣ እውነት እኮ እንደ ሥጋ ነው፤ አንተም ብትሆን ከነቆሻሻው አትሸጠውም» አሉ ጋሽ አባተ፣ እስከ ቦንጋም አላናገሯቸው።

ኢያሱ ነገሩን ሲሰማ ይደነግጣል ብለው ነበር። እሱ ግን ዓይኑ በራ።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።»

«ጥያቄውን ተወውና መልሱን ያዝ። ‹አለ› በላቸው።»

«ከሌለስ?»

«ልጄ፣ ቀፎ የሰቀለ ሰው መስማት የሚፈልገው ‹አለ› የሚለውን ነው። ‹የለም› ብሎ ልጅ የተሰጠው ሰው አላውቅም።»

«ካለ አለ እላለሁ። ከሌለ የለም እላለሁ። ካላወቅሁ...»

«‹ካላወቅሁ› የሚባል ነገር ሽምግልና ውስጥ የለም» ብለው ጋሽ አባተ ተነሡ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ነገሩን አወጡት አወረዱት። ልጁን አገላብጠው አዩት። እንደማይዋሽ አወቁ፤ ይህ አበሳ ነው። ጾሙ ደግሞ እየገባ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ሄዶ ቢቀር ያ ክፍል ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ እትዬ ተሾመችም ማታ ማታ በመስኮት መብራቱን ሳያዩ መተኛት አይሆንላቸውም። ለራሳቸው አይናገሩት እንጂ እሳቸውም እንደዚያው ናቸው። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላቸው፣ በመጣላቸውም ኮሩ። ልጁ አይዋሽም፤ ዛፉ ግን ሊዋሽ ይችላል።

እሑድ ጠዋት እትዬ ተሾመች የማር ማሰሯቸው ተከፍቶ፣ ባለቤታቸው ከነሰፈፉ ወደ ጣሳ ሲገለብጡ ደረሱባቸው።

«አንቱ ሰውዬ፣ ምን ሊሆንልዎ ነው?»

«ለመድኃኒት።»

«ለማን?»

«ለዛፍ» አሉና ወጡ። እትዬ ተሾመች የባላቸው ዕድሜ ከገሰገሰ ቆይቷል ብለው ማሰሯቸውን ከደኑ።

ጋሽ አባተ ከሌሎቹ ቀድመው በባጃጅ፣ ከዚያም በእግር፣ በጓሮ መንገድ ኮቦው ውስጥ ገቡ። ቀረሮው ሰማይ ጠቀስ ነው። ግንዱን ዙሪያውን እጃቸው እስከደረሰበት ቀቡት፤ በከዘራቸውም ጫፍ ትንሽ ከፍ አደረጉለት። ራቅ ብለው አሸተቱ። የንብ መንደር ይመስላል። እጃቸውን በቅጠል ጠረጉ፤ የቀረውን በኮታቸው እጅጌ። ጣሳውን ጢሻ ውስጥ ጣሉና በመጡበት ተመልሰው መንገዱ ዳር ጠበቁ። ሌሎቹ ሲደርሱ አሁን ገና የመጡ ይመስል እያለከለኩ ተቀላቀሏቸው፤ ማለከለኩ እውነተኛ ነበር።

ጋሽ ደምመላሽ፣ እትዬ ብርቅዬና ወንጌላዊት ዛፉ ሥር ቆመው ጠበቋቸው። ኢያሱ ሰላምታ ሰጥቶ ወንጌላዊትን ላለማየት ሲል ቀፎውን ለማየት አንጋጠጠ። ቅጠል ብቻ ነበር።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። መጀመሪያ ከዛፉ ራቀ፤ ብዙ ራቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ነፋስ እስኪመጣ ቆመ። ከዚያ በሌላ በኩል ሄዶ እንደገና ቆመ። ከዛፉ ሥር የወደቀውን ቅጠል ገለጥ ገለጥ እያደረገ አየ። ሰው ሁሉ ዝም እንዲልለት ለምኖ ጆሮውን አቀና። በዚያ ጸጥታ መሀል የአቶ ዘርትሁን ስልክ በሙሉ ድምፁ አንቃጨለ፤ እሳቸውም ጫካውን የሚያክል ድምፅ አውጥተው «ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለው ዘጉት።

መጨረሻ ላይ ግንዱ ዘንድ ቀረበ። ቀኑ ሞቅ ሲል ንቦች መጥተው ማሩን ከበውታል፤ ጉንዳንም ሰልፍ ይዟል። አሸተተ።

«ጠረን አለ» አለ።

ጋሽ አባተ በልባቸው እልል አሉ። ፊታቸውን ግን አልለወጡም፤ ምክንያቱም በዚያችው ቅጽበት አንዲት ንብ እጅጌያቸው ላይ አርፋለች። ሁለተኛዋም መጣች።

«ግን» አለ ኢያሱ።

ጋሽ አባተ ይህን ቃል ከድሮም አይወዱትም።

«ከላይ የመጣ ቢሆን ነፋሱ ሲነፍስ ርቄ በቆምኩበት ባገኘሁት ነበር። ይሄኛው ግንዱን ካልተጠጉ የለም። ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ ይልና ያልቃል። ንቦቹም ቢሆኑ ከግንዱ ልሰው ከታች ወዳለው ወንዝ ነው የሚሄዱት፤ ወደ ላይ የወጣ አላየሁም።» ትንሽ አመነታ። «ይኼ ማር ከላይ የወረደ አይደለም። ሰው ነው የቀባው። እኛ ዘንድ ትልቁ ፍርሃት ይኼ ነው፤ ሕይወት አገኘን ስንል ያገኘነው ራሳችን ያመጣነውን እንዳይሆን።»



«ታዲያ ላይ ንብ አለ ወይስ የለም?» አሉ ጋሽ ደምመላሽ።

«አላውቅም።»

ጋሽ አባተ እህ እህ አሉ። ኢያሱ አልሰማቸውም።

«ግምትህስ?»

«ግምቴን ብነግርዎ እውቀት ያደርጉብኛል። ይኼ ጠረን እያለ ደግሞ ማንም በማሽተት ሊያውቅ አይችልም።»

«መምህር ለማለት የፈለገው» አሉ አቶ ዘርትሁን ጣልቃ ገብተው፣ «ወደ ሰማንያ አምስት በመቶ...»

«አላልኩም» አለ ኢያሱ።

በዚህ ሁሉ መሀል በጋሽ አባተ ላይ የሚሆነውን ያየ አልነበረም። ንቦቹ ከእጅጌያቸው ወደ ትከሻቸው፣ ከትከሻቸው ወደ ኮሌታቸው ዘምተዋል። አንዷ ጆሯቸው ሥር ነደፈቻቸው። ጋሽ አባተ እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሌላዋ ከንፈራቸው ላይ አረፈች። እፍ ቢሉ ሰው ያያል፤ ዝም ቢሉ ትነድፋለች። ዝም አሉ፤ ነደፈች።

ጋሽ ደምመላሽ ዓይናቸው ቢደክምም የንብ ነገር አይስቱም። ዞር ብለው አዩዋቸው። «ጋሽ አባተ፣ ንቦቼ ምን አይተውብዎ ነው እንዲህ የወደዱዎት?»

«ሽቶ ነው» አሉ ጋሽ አባተ። ከንፈራቸው መነፋት ስለጀመረ ቃሉ ሞልቶ አልወጣም።

ጋሽ ፍቅሩ በየዋህነት ጎንበስ ብለው እጅጌውን አሸተቱ። «ኧረ ይኼማ ማር ነው» አሉ። «ከነሰፈፉ።»

ወንጌላዊት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ ብርቅዬ ወደ ዛፉ ዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ኢያሱ ብቻ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መሰለ። ያጋለጠው ማንን እንደሆነ አሁን ገና ገባው።

ጋሽ አባተ ነገሩን የሚያለብሱት ልብስ ፈለጉ። መድኃኒት ነው ሊሉ ነበር፤ በረከት ነው ሊሉ ነበር። የልጁን ፊት ሲያዩ ሁሉም ጠፋባቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ልጁ የሚያውቀው ነገር የለም። ጠዋት መጥቼ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ኢያሱ ዞሩ። «እውነት አታውቅም ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«እሳቸው መሆናቸውን ብታውቅስ ትናገር ነበር?»

ኢያሱ ጋሽ አባተን አየ፤ ያበጠውን ከንፈራቸውን፣ ጆሯቸው ሥር የቀላውን። «እሳቸውን የማላሳፍርበት መንገድ እፈልግ ነበር» አለ። «ባጣም ግን እናገር ነበር።»

ጋሽ ደምመላሽ ግንዱ ላይ ያለውን ማር በጣታቸው ነክተው ቀመሱ። ቀመሱና ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ተናገሩ።

«ከከተማ መጥቶ እዚህ ደጅ የቆመ ሰው ሁሉ መቶ በመቶ ነው የሚለኝ። መንገዱ ዘንድሮ ይገባል፣ መቶ በመቶ። ችግኙ ይጸድቃል፣ መቶ በመቶ። ከሽማግሌዎቹም እንዲሁ ያለኝ አለ። የተማረ ሰው ‹አላውቅም› ሲል ዛሬ ሰማሁ። ልጄን ላላወቀው ነገር ‹አላውቅም› ለሚል ሰው ብሰጥ፣ ‹አውቃለሁ› ያለ ቀን አምነዋለሁ።»

 ወንጌላዊት ነጠላዋን ለቀቀች።

«ግን» አሉ ጋሽ ደምመላሽም። የዚያን ቀን ይህ ቃል በዛ። «እሺታ የሚሰጠው ለሽማግሌ ነው። ማር ለቀባ እጅ እሺታዬን አልሰጥም። ሰማንያ አምስት በመቶ ላሉትም አልሰጥም። እኚያን የላሙን ነገር እንደወረደ የነገሩኝን ሰውዬ ወደ ፊት አምጧቸው።»

ጋሽ ፍቅሩ ወደ ኋላቸው ዞረው ሌላ ሰው ፈለጉ።

ደንቡ ግን አስቸጋሪ ነው። መሪ ሽማግሌ ቦታውን በፈቃዱ ካልለቀቀ ሌላው ቀድሞ አይቆምም። ይህን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ጋሽ አባተ ናቸው። ተቆጥተው ቢመለሱ ሽምግልናው ይፈርሳል፤ አዲስ ሽማግሌ ከፋሲካ በኋላ ይላካል፤ ስማቸውም ይተርፋል፤ ምክንያቱም ያልተጠናቀቀ ሽምግልና እንደ እምቢታ አይቆጠርም። ይህንን ሁሉ እዚያው ቆመው አሰቡት። ማሰባቸውን አልክድላቸውም። ከዚያ ኢያሱን አዩት። ልጁ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬት ያያል፤ አንድ ቃል አልለመናቸውም።

ከዘራቸውን ለጋሽ ፍቅሩ ሰጡ። «ቁም ወደ ፊት» አሉ።

«እኔ ምን እላለሁ አባተ?»

«‹ከእግዚአብሔር በታች ደጅዎን ጠንተናል› በል።»

በዚያ ከንፈር የወጣውን ጋሽ ፍቅሩ በከፊል ነው የሰሙት። ከዘራውን ተደግፈው፣ «ጋሽ ደምመላሽ፣ ደጅዎን... ጠንተናል፤ ዛፍዎንም እንዲሁ። ልጅዎን ይስጡን፣ ልጃችን ጥሩ ልጅ ነው» አሉ። ሌላ የሚጨምሩት አጡ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ደምመላሽ። «ሰጥቻለሁ።»

እትዬ ብርቅዬ እልልታውን ለቀቁት። ንቦቹ ደንግጠው ተነሡ፤ ሰውም ሁሉ ወደ ቤት ሮጠ።

አቶ ዘርትሁን እየሮጡ ሳለ አንድ ሰው ዛፉ ላይ ወጥቶ ጉዳዩ እንዲጣራ ሐሳብ አቀረቡ። ጋሽ ደምመላሽ አልፈለጉም። ዝናብ ዛፉን ይጠበው፤ ከዚያ አማቼ መጥቶ ያሸታል አሉ።

ቤት ውስጥ ተቀምጠው ተበላ፤ እውነተኛው ጠጅም ቀረበ። ጋሽ አባተ ከንፈራቸው እንደ ዳቦ ስለተነፋ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ኢያሱ የራሱን ሳህን ይዞ መጥቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ እንጀራውን ወጥ ውስጥ እያራሰ ትንሽ ትንሽ አጎረሳቸው።

«ጋሼ፣ ሰው ፊት አሳፈርኩዎት።»

ጋሽ አባተ ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቅ ነገር ሊናገሩ ፈለጉ፤ የወጣው ግን «ሽታው ከሩቅ አይመጣም አልክ?» የሚል ነበር።

«አይመጣም።»

«ብዙ ቀብቼ ነበር እኮ።»

ኢያሱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። «ሠርጉ ላይ የሙሽራው አባት የሚቆምበት ቦታ አለ። የኔ አባት የሉም፤ ያውቃሉ። ሽማግሌዬ ጋሽ ፍቅሩ ሆኑ፤ ያ አለፈ። አባቴ ሆነው ይቁሙልኝ።»

ጋሽ አባተ ዓይናቸውን በዚያው ማር በነካው እጅጌያቸው ጠረጉ። ዓይናቸውን አቃጠላቸው፤ እሱን ሰበብ አድርገው ብዙ ጠረጉ።

ከወዲያ በኩል ጋሽ ፍቅሩ፣ ከዘራውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ እሺታውን እንዴት እንዳመጡ ለእትዬ ብርቅዬ ይተርካሉ። እትዬ ብርቅዬ እዚያው ቆመው ያዩት ነገር ነው፤ ቢሆንም ያዳምጣሉ። በጋሽ ፍቅሩ ትረካ ዛፉ ረዝሟል፣ ንቦቹ በዝተዋል፣ ንግግራቸውም የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ሰው ንግግር ሆኗል። ጋሽ አባተ አንድም ነገር አላረሙም። ከንፈራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው ያሉ አሉ። እሳቸው ግን ልጁ ያራሰላቸውን ጉርሻ በቀስታ እያላመጡ፣ ጓደኛቸው ነገሩን ሲያለብሰው እስከ መጨረሻው ሰሙት።